ፋሚሊሰርች ተራውን ሰው ለመፈለግ ምን ያህል ይበጃል?

ሹም ወይም ባለጸጋ ያልነበረ ቅድመ አያቱን የሚፈልግ ሰው፣ ያ ሰው ስለ ራሱ የጻፈው አንድም መስመር እንደማያገኝ አስቀድሞ ቢያውቅ ይሻላል። የሚተርፈው ያጠመቀው ካህን፣ ደጁን ያንኳኳው ቆጣሪ ወይም የመርከቡ ጸሐፊ ለየራሳቸው ሥራ ሲሉ ያሰፈሩት ነው። ስለዚህ የቆዩ መዝገቦች የሚፈለጉበትን ፋሚሊሰርች የተባለ ድረ ገጽ የምመዝነው የእነዚህን ጸሐፊዎች ገጽ እንዳለ አውጥቶ በማሳየት ችሎታው ነው።

አገልግሎቱ የኋለኛው ዘመን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲሆን፣ መነሻው በ1894 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተቋቋመ የዘር ሐረግ ማኅበር ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ማኅበሩ በ1938 መዝገቦችን በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጾችን አሳንሶ በሚይዝ የፎቶ ፊልም፣ ማንሳት ጀመረ፤ ከጊዜ በኋላ የተከማቹት 2.4 ሚሊዮን ያህል ጥቅልሎች ወደ ዲጂታል ተለውጠው ያለቁት በ2021 ነው። ለመጠቀም አካውንት መክፈት ይበቃል፤ ክፍያም ሆነ የእምነት አባልነት አይጠየቅም።

የመፈለጊያው ሣጥን ጠቃሚ ቢሆንም ሊታመን የሚገባው በልክ ነው። ከጀርባው ያለውን የስሞች ማውጫ ያዘጋጁት በጎ ፈቃደኞች፣ በቅርቡ ደግሞ ኮምፒውተሮች፣ የደበዘዘ የእጅ ጽሑፍ እያነበቡ ነው፤ ጸሐፊው ራሱም ስሙን የጻፈው ጆሮው እንደ ሰማው ነበር። ስለዚህ ስምን አሟልቶ ከመጻፍ ይልቅ፣ የሚያጠራጥሩትን ፊደላት በኮከብ ምልክት ተክቶ ቦታውንና ዘመኑን ማጥበብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ዋጋ ግን ከማውጫው አልፎ የገጹን ምስል ሲከፍቱ የሚገኘው ነው። በአሜሪካ የ1900 የሕዝብ ቆጠራ ቅጽ ላይ፣ አንዲት እናት ስንት ልጅ እንደ ወለደችና ከእነዚያም ስንቱ በሕይወት እንዳሉ የሚመዘግቡ ሁለት ጠባብ ዓምዶች አሉ። በአንደኛው 8፣ በሌላኛው 5 ተጽፎ ከተገኘ፣ ሦስት ልጆች መሞታቸው ይታወቃል። ከዚያ በፊት የተካሄደው የ1890 ቆጠራ፣ በ1921 ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ ከሞላ ጎደል ስለ ጠፋ፣ ከ1880 ወዲህ ተወልደው ከ1900 በፊት ለሞቱ ልጆች ያች አንዲት ቁጥር ብቸኛ ምስክር ልትሆን ትችላለች። በ1940ው ቆጠራ ደግሞ መረጃውን የሰጠው የቤተሰብ አባል ከስሙ አጠገብ በክብ የተከበበ የኤክስ ምልክት ይደረግለታል፤ ዕድሜው የተሳሳተ መስሎ ሲታይ፣ የተናገረው ማን እንደ ነበር ማወቅ ብዙ ያስረዳል። በአንጻሩ በእንግሊዝ የ1841 ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑት ሰዎች ዕድሜ በአብዛኛው ወደ ታች በአምስት ተጠጋግቶ ስለ ተጻፈ፣ 39 ዓመት የሞላው ሰው 35 ተብሎ ቢገኝ ሊያስደንቅ አይገባም። ምስሉን ከከፈቱ አይቀር ከላይና ከታች ያሉትን ጎረቤቶች ማንበብም ተገቢ ነው፤ አማቾችና ወንድሞች ብዙ ጊዜ የሚገኙት እዚያ ነው።

በ2024 በሙከራ መልክ የቀረበው ሙሉ ጽሑፍ መፈለጊያ የእጅ ጽሑፍን በኮምፒውተር ስለሚያነብ፣ በውልና በኑዛዜ መካከል የተቀበሩ ስሞችን ያወጣል። የራሱ መሬት ያልነበረው ሰው በሌላው ሽያጭ ላይ በምስክርነት ወይም በአዋሳኝነት ተጠቅሶ ሊገኝ ይችላል፤ ለተራው ሰው ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ አዲስ መሣሪያ በድረ ገጹ ላይ አላየሁም።

የጋራ የዘር ሐረግ ዛፉን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ። ሟቾች የሚመዘገቡበት ይህ ዛፍ ለሁሉም ተጠቃሚ አንድ ሲሆን፣ ማንም ሊያርመው ይችላል፤ በሕይወት ያሉ ሰዎች በአንጻሩ በጠቅላላው ከሕዝብ የተሰወሩ ናቸው። በዛፉ ላይ ሰነድ ያልተያያዘበትን የአባትነት መስመር ከወሬ ለይቼ አላየውም፤ ፍለጋንም ከዚያ መጀመር ስህተትን ወርሶ መጀመር ይሆናል።

በመጨረሻም፣ የሰነዱ ባለቤቶች ከድርጅቱ ጋር ባላቸው ውል ምክንያት ሁሉም ምስል ከቤት ሆኖ አይከፈትም። በካታሎጉ (በመዝገቦቹ ዝርዝር) ላይ፣ ምስል መኖሩን ከሚያሳየው የካሜራ ምልክት በላይ የመክፈቻ ቁልፍ ሥዕል ከታየ ገደብ አለ ማለት ነውና፣ አንዳንዱን ለማየት ወደ ፋሚሊሰርች ማዕከል ወይም አብሮት ወደሚሠራ ቤተ መጻሕፍት መሄድ ያስፈልጋል።