ዋትሳፕ ቢዝነስ፦ ለጠየቀ ለመመለስ ጎበዝ፣ ለብዙ ሰው ለማሰራጨት ደካማ

ዋትሳፕ ቢዝነስ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ለአነስተኛ ነጋዴ ታስቦ ነው፤ ዛሬም ከዚያ ልክ ብዙ አልወጣም። በነጻ ይወርዳል። ደንበኛው አዲስ አፕ እንዲጭን አይጠየቅም፣ የሚጽፈው በለመደው ዋትሳፕ ነው። ብዙ ሰው ግን ማስታወቂያ መበተኛ አድርጎ ይጀምረውና ምላሽ ሲጠፋ «አይሠራም» ብሎ ይተወዋል። የተሠራው ግን ጠይቆ ለመጣ ሰው ቶሎና ሳይዘባረቅ መልስ ለመስጠት ነው፤ በዚህ ከተለካ አንድ ሰው ወይም ሁለት ሦስት ሰው ለሚያንቀሳቅሰው ሥራ በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው።

ከመጫናችሁ በፊት ቁጥሩን ወስኑ። አንድ ቁጥር በተራው ዋትሳፕና በቢዝነሱ ባንድ ጊዜ አይሠራም። የግል ቁጥራችሁን ካስገባችሁ የዘመድ ወዳጁ መልእክት ከትእዛዝ ጋር ይደባለቃል። ሁለቱ አፖች በሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ከሆነ ግን በአንድ ስልክ ላይ ጎን ለጎን ይኖራሉ። የመደበኛ ስልክ ቁጥርም ይቀበላል፦ የማረጋገጫ ኮዱ በኤስኤምኤስ ስለማይደርስ በጥሪ እንዲነገራችሁ መምረጥ ነው። ሲም ካርዱን በሠራተኛ ስም አታውጡ። ሠራተኛው የለቀቀ ቀን ቁጥሩም፣ ቁጥሩን የያዙት ደንበኞችም አብረውት ይሄዳሉ።

የሰላምታ መልእክቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚጽፍ፣ ወይም 14 ቀን ምንም ሳይጻጻፍ ቆይቶ ለተመለሰ ደንበኛ በራሱ ይሄዳል። አፑ ይዞት የሚመጣው ጽሑፍ «ስላገኙን እናመሰግናለን፣ ምን እንርዳዎ» ዓይነት ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሥራ ግን አይሠራም። በምትኩ ይህን የመሰለ ነገር አስገቡ፦ «ሰላም፣ መልእክትዎ ደርሶናል። የሚፈልጉትን ዕቃ ስም ወይም ፎቶ፣ ብዛቱንና መቼ እንደሚፈልጉት ይላኩልን፤ ዋጋውን ይዘን እንመለሳለን።» ስልኩን ስታነሱት ደንበኛው አብዛኛውን ነገር ጽፎ ይጠብቃችኋል፤ «የቱ ዕቃ?» «ስንት?» «ለመቼ?» እየተባባሉ ግማሽ ቀን ማለፉ ይቀራል።

ከሥራ ሰዓት ውጭ የሚላከው መልእክት ላይ ግን አንድ ወጥመድ አለ። መልእክቱ የሚሄደው ስልኩ ኢንተርኔት ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ማታ ዳታ አጥፍቶ የሚተኛ ሰው መልእክቱን አሳምሮ ቢያዘጋጅም ደንበኛው ሌሊቱን ዝምታ ነው የሚያገኘው። ሰዓቱን ስትመርጡም «ሁልጊዜ ላክ» የሚለውን ትታችሁ «ከሥራ ሰዓት ውጭ» የሚለውን ያዙ፤ አለዚያ እናንተ ቁጭ ብላችሁ እየመለሳችሁ አፑ «አሁን የለንም» ይላል።

ፈጣን ምላሾች እስከ 50 ይያዛሉ። ሰያፍ መስመር (/) ጽፋችሁ የሰጣችሁትን አጭር ስም ስታስከትሉ ሙሉው ጽሑፍ ይመጣል። አቋራጩን አዘውትራችሁ በምትጽፉበት ኪቦርድ ሰይሙት፤ ለአንድ ቃል ቋንቋ መቀያየር ካለ ጊዜ መቆጠቡ ቀረ። የክፍያ መንገድ፣ የማድረሻ ሁኔታ፣ የመመለሻ ደንብ እዚህ ይግባ። ዋጋ አይግባ። ዋጋ ሲቀየር ይህን ማስተካከል የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፣ በአሮጌ ዋጋ የተላከ መልስ ደግሞ ከደንበኛ ጋር ያጨቃጭቃል።

ከሁሉ የላቀው ነገር ሌብል፣ ማለትም በየደንበኛው ቻት ላይ የሚለጠፍ ባለቀለም መለያ ነው፤ በደንብ የሚጠቀምበት ግን ብዙም አይታይም። እስከ 20 ሌብል መፍጠር ይቻላል፣ 20 መፍጠር ግን ራስን መቅጣት ነው። ሌብሎቹ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይመልሱ፦ ትእዛዙ የት ደረሰ? «አዲስ»፣ «ክፍያ የሚጠበቅ»፣ «ተከፍሏል»፣ «ተረክቧል» ይበቃሉ፤ ካስፈለገ «ቅሬታ» ይጨመር። የዕቃ ዓይነትና የሰፈር ስም ከእነዚህ ጋር ሲቀላቀል ዝርዝሩ ማንም የማያየው ቀለም ብቻ ይሆናል። ሌላው ችግር አፑ ሌብልን በራሱ አለማንሳቱ ነው። ከፍሎ «ተከፍሏል» የተለጠፈበት ደንበኛ ላይ የቀድሞው «ክፍያ የሚጠበቅ» እንዳለ ከቀረ ሁለቱንም ይዞ ይቀጥላል፤ ማታ ያልከፈሉትን ለማስታወስ ስትነሱ የከፈለውን ሰው ገንዘብ ትጠይቁታላችሁ። አዲሱን ስትለጥፉ አሮጌውን እዚያው መስኮት ላይ አንሱት። ሁለቱም ሥራ የሚያልቀው በአንድ ገጽ ነው።

ካታሎጉ 500 ዕቃ ይይዛል፣ ለእያንዳንዱ እስከ 10 ፎቶ። ዋጋ መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ ባዶ ከተዋችሁት ግን ካታሎጉን አይቶ «ስንት ነው?» የሚል ሰው ብቻ ነው የምታተርፉት። ኮድ የሚጻፍበት ቦታም አለ፣ ተጠቀሙበት፦ «ያ ጥቁሩ» ከሚባለው «12 ቁጥር» ቢባል ስህተት ይቀንሳል። ድክመቱ የክምችት ቁጥር አለመያዙ ነው። ደንበኛ ዕቃ መርጦ ጋሪ ውስጥ ከትቶ ሲልክ የመጣው መልእክት እንጂ ሽያጭ አይደለም፤ ዕቃውም አይያዝለትም። የቀረችውን አንዷን ዕቃ ሦስት ሰው ሊያዝዛት ይችላል። ስለዚህ ዕቃው እንዳለቀ ከካታሎጉ ደብቁት፤ መደበቅ ስላለ ማጥፋት አያስፈልግም፣ ሲመጣ መልሶ ማሳየት ነው። እንደ መድኃኒት፣ አልኮልና ትምባሆ ያሉት ደግሞ በኩባንያው የንግድ ደንብ የተከለከሉ ናቸው።

አሁን ወደ ብሮድካስት፣ አንድን መልእክት ለብዙ ሰው በአንዴ ወደ መላኩ። አንድ ዝርዝር 256 ሰው ይይዛል፤ መልእክቱ የሚደርሰው ግን ቁጥራችሁን ስልኩ ላይ ለመዘገበ ሰው ብቻ ነው። ላልመዘገበው አይደርስም፣ ላኪውንም «አልደረሰም» ብሎ የሚያስጠነቅቅ የለም። «ላክሁ፣ ማንም አልመለሰም» የሚባለው አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከላካችሁ በኋላ መልእክቱን ተጭናችሁ ያዙና መረጃውን ክፈቱ፤ ለማን እንደደረሰ ስም በስም ያሳያል። በማግስቱም ከዚያ ዝርዝር የጎደለ ሰው ቁጥራችሁን አልመዘገበም ብላችሁ ገምቱ። ደንበኛ ቁጥር እንዲመዘግብ የሚጠየቀው ዕቃውን ተረክቦ ደስ ባለው ሰዓት ነው፤ በመጀመሪያው ሰላምታ ላይ ብትጠይቁት ምክንያት የለውም።

ይህን ገደብ ለማለፍ ሲባል የሚጫኑትን የተቀየሩ የዋትሳፕ ቅጂዎችና የጅምላ መላኪያ ሶፍትዌሮችን ግን አትንኳቸው። ቁጥር የሚያሳግዱ ናቸው፤ የማያውቃችሁ ሰው መልእክቱን ሪፖርት ማድረጉም እንዲሁ። ማስታወቂያ ለሺዎች ማድረስ ከፈለጋችሁ የቴሌግራም ቻናል ይሻላል፣ የተከታይ ቁጥር ጣሪያ የለውም። ቴሌግራምም በ2024 የቢዝነስ መሣሪያዎችን አውጥቷል፤ ሰላምታው፣ ፈጣን ምላሹ፣ የሥራ ሰዓቱ ሁሉም አለ፣ ግን ወርኃዊ ክፍያ ያለውን ፕሪሚየም ይጠይቃል።

ብዙ ሠራተኛ ላለው ቤት አፑ ይጠብባል። ከዋናው ስልክ ሌላ አራት መሣሪያ ይገናኛል፤ ማን እንደመለሰ ግን ለደንበኛው አይታይም፣ ሁለት ሠራተኛ ለአንድ ሰው ሁለት ዋጋ ሊሰጥ ይችላል። ቀላሉ መላ እያንዳንዱ ሠራተኛ በመልእክቱ መጨረሻ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ማስገባቱ ነው። ዋናው ስልክ 14 ቀን ካልተከፈተ የተገናኙት በሙሉ ይወጣሉ። ወረፋ የሚያከፋፍል ሥርዓት የሚያስፈልገው ድርጅት በክፍያ ወደሚሠራው ኤፒአይ (ዋትሳፕን ከድርጅቱ ሶፍትዌር ጋር ወደሚያገናኘው አገልግሎት) መሄድ አለበት።

ባለ 6 አኃዙን የሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ፒን የጫናችሁ ዕለት አብሩት፣ ኢሜይልም አያይዙበት፤ ኢሜይል ሳይኖር ፒኑ ከተረሳ 7 ቀን መጠበቅ አለ። በኤስኤምኤስ የመጣ ኮድ ለማንም አይነገርም፣ «ከዋትሳፕ ነው የምንደውለው» ላለ ሰውም ቢሆን።

ደንበኛውን በቀጥታ ወደ ቻታችሁ የሚያስገቡትን ኪውአር ኮድና አጭር ሊንክ ካርድ ወይም ማሸጊያ ላይ የምታሳትሙ ከሆነ ከማሳተማችሁ በፊት በሌላ ሰው ስልክ ሞክሩት። ሊንኩን ሲነካ በደንበኛው የመጻፊያ ቦታ ላይ ተጽፎ የሚጠብቀውን ጽሑፍም አስተካክሉ፤ «ካርዳችሁን አይቼ ነው» ቢል ሰው ከየት እንደመጣ ታውቃላችሁ። ከታተመ በኋላ ግን «ሪሴት» የምትለውን ቁልፍ አትንኩ። አሮጌው ኮድ ወዲያው መሥራት ያቆማል፣ የታተመውም ካርድ ሁሉ ወደ የትም አያደርስም።