ርካሽ ዳቦ ወይስ የምርጫ ድምፅ? ሊጉና ቻርቲስቶች

በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማንቸስተር ውስጥ ሸማኔ ነህ እንበል። ዳቦ ተወዷል። የ1815ቱ የእህል ሕግ የአገር ውስጥ ስንዴ በኳርተር (የእህል መስፈሪያ ነው) 80 ሺሊንግ ካልደረሰ የውጭ ስንዴ ገበያ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ኋላ ክልከላው በቀረጥ ቢተካም ተጠቃሚው ያው ባለመሬቱ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ትቆማለህ? የእህል ሕጉን ለማሻር ከሚታገለው የፀረ እህል ሕግ ሊግ ወይስ ለሠራተኛው የምርጫ ድምፅ ከሚጠይቁት ቻርቲስቶች?

ጥያቄያቸው፦
ሊጉ፦ አንድ ነገር ብቻ፤ የእህል ቀረጡ ይነሳ።
ቻርቲስቶች፦ ስድስት ነገር፤ ዋናው ለአዋቂ ወንድ ሁሉ ድምፅ።

አቅም፦
እዚህ ላይ ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ከሊጉ ጀርባ የፋብሪካ ባለቤቶች አሉ። በ1840 ደብዳቤ በአንድ ፔኒ መላክ ሲጀመር፣ ሊጉ በራሪ ወረቀቱን በፖስታ ለመራጮች አዘነበው። መሪዎቹ ኮብደንና ብራይትም ፓርላማ ገቡ። ቻርቲስቶች የነበራቸው የሰው ብዛት ነው። በ1842 ከ3 ሚሊዮን በላይ ፊርማ ይዘው ሄዱ፤ ፓርላማው አልሰማቸውም። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አደጋ፦
ለቻርቲስቱ ከባድ ነው። በኅዳር 1839 ዌልስ ውስጥ ኒውፖርት ላይ ወታደሮች በቻርቲስቶች ላይ ተኩሰው 20 ያህል ሰው ገድለዋል።

ውጤት፦
ሊጉ፦ የአየርላንድ ድንች በበሽታ ሲጠፋ፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ፒል በ1846 ሕጉን አሻሩት።
ቻርቲስቶች፦ ከስድስቱ አምስቱ ዘግይተው ሕግ ሆኑ።

ልጆችህ ዛሬ ከራባቸው ሊጉ ይቀርብሃል። ግን ብዙ ቻርቲስቶች «ዳቦ ሲረክስ ደሞዛችንንም ይቀንሱታል» ብለው ይሰጉ ነበር። አሠሪህ ራሱ የሊጉ ደጋፊ ከሆነ፣ ስጋታቸው ያንተም ነው። ያኔ ድምፁ ይሻልሃል።