ከፍጻሜው ነው ተብሎ የተሸጠልኝ የዠንግ ዢ 10 ቁጥር ማልያ

መርካቶ ውስጥ የስፖርት ልብስ መሸጥ ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመት አለፈኝ። ከሸጥኳቸው ማልያዎች አብዛኞቹ ፎርጅድ እንደሆኑ ደንበኞቼም ያውቃሉ፣ እኔም ደብቄ አላውቅም። ፎርጅድ ሻጭ ስለ ኦርጅናል ምን ያወራል የሚል ካለ፣ ከእኔ በላይ ማን ሊያወራ ነው?

ባለፈው ጓንግዡ ዕቃ ልገዛ ስሄድ ለራሴ አንድ ነገር ገዛሁ፤ የጓንግዡ ኤቨርግራንዴ፣ የከተማዋ እግር ኳስ ክለብ፣ ቀይ ማልያ፣ ጀርባው ላይ 10 ቁጥር። ያገለገለ ነው፣ በእኛ አጠራር ሰልባጅ። ከአንድ ግለሰብ በስልክ፣ በ280 ዩዋን። ማስታወቂያው «የ2013 የእስያ ፍጻሜ፣ የዠንግ ዢ ማልያ» ይላል ብላ አስተርጓሚዬ አነበበችልኝ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፣ ኋላ ሰባት ስምንት እንዳትጨምሩብኝ።)

ዠንግ ዢ ማን ነው ለምትሉ፣ የፈረንሳዩን አጥቂ ሲሴን የሰበረው ልጅ ነው። እኛ ሰፈር ስሙን የያዘለት የለም፣ «ያ ቻይናው» ነበር የሚባለው። 2006፣ የዓለም ዋንጫ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ፈረንሳይ ከቻይና ጋር ሴንት ኤቲየን ላይ ለወዳጅነት ትጫወታለች። ሲሴና ዠንግ ዢ ኳስ ሲሻሙ የሲሴ እግር ተሰበረ፣ የዓለም ዋንጫውም በዚያው ቀረበት። በዚያው ጨዋታ የቻይናን ብቸኛ ጎል በፍጹም ቅጣት ምት ያገባው ይኸው ዠንግ ዢ ነው። 3 ለ 1 ተሸነፉ። ጎሉን የሚያስታውስ ሰው እስከዛሬ አላጋጠመኝም።

ማልያው በሁለተኛው ቀን ሆቴሌ ደረሰ። መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው፣ ሁልጊዜ። ገለበጥኩት። የብብቱ ስፌት ጠፍጣፋ ነው፣ ቆዳ አይፍቅም፤ ፎርጅዱ እዚህ ጋ ወፍራም ክር ይዞ ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ኳስ ከተጫወታችሁበት ብብታችሁ ይቀላል። የደረቱ አርማ ጀርባ ላይ የተንጠለጠለ ክር የለም። ጨርቁ ቀላል ሆኖ ግን ብርሃን ላይ ስታነሱት እጃችሁ አይታይም። ቀለሙ አሥር ዓመት አልፎትም ቀይ ነው እንጂ ሮዝ አልሆነም። እስከዚህ ድረስ አፌን ዘግቻለሁ፣ ኦርጅናል ነው።

ደረቱን አየሁት። እዚህ ጋ ነው ነገር የመጣው።

2013 ኅዳር ውስጥ እኔ ጓንግዡ ነበርኩ። የካንቶን የንግድ ትርኢት አልቆ፣ የጋራ ኮንቴይነራችን እስኪሞላ እየጠበቅን ሻኦቤይ ተቀምጠናል። ሻኦቤይን የሄዳችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ከማሊ እስከ ኮንጎ ሁሉም አፍሪካዊ የሚገናኝበት ሰፈር ነው። ማታ እራት የምንበላበት ቤት ቴሌቪዥን ላይ የእስያ ሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ የመልሱ ጨዋታ ገባ፣ ከኤፍሲ ሴኡል ጋር። ሴኡል ላይ 2 ለ 2 ነበሩ። ስታዲየሙ፣ ቲያንሄ፣ ከተቀመጥንበት ብዙም አይርቅም። ኤልኬሰን ለጓንግዡ አገባ፣ ዳምያኖቪች ለሴኡል መለሰ፣ 1 ለ 1። ከሜዳ ውጭ ባገቡት ጎል ጓንግዡ ዋንጫውን በላ፣ አምበሉ ዠንግ ዢም አነሳው። መንገዱ የጥሩምባ ሆነ። እኔ ግን ዓይኔ ማልያው ላይ ነበር፣ ሙያዬ ነዋ። ደረታቸው ላይ አራት የቻይንኛ ፊደል ተጽፏል፣ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው። አጠገቤ የነበረውን አስተናጋጅ ምን ይላል ብዬ በምልክት ስጠይቀው ጠረጴዛው ላይ ያለውን የውሃ ጠርሙስ አነሳልኝ። ለካ የክለቡ ባለቤት ኩባንያ አዲስ የታሸገ ውሃ ሊሸጥ ነው፣ በዚያች ሌሊት ነው ለሕዝብ ያስተዋወቀው። በእስያ ትልቁ ምሽት ላይ ውሃ! ነጋዴ ማለት እንዲህ ነው ብዬ ኮፍያዬን አነሳሁ።

አሁን እጄ ላይ ያለው ማልያ ደረቱ ላይ ያ ጽሑፍ የለም። አስተርጓሚዬን ጠየቅኳት። «ይሄማ የመኪና ማስታወቂያ ነው» አለችኝ። የመኪናው ውል የ2014 እና የ2015 ነው። ከ2013 ፍጻሜ ጋር ምንም አያገናኘውም። እሺ የ2015 ፍጻሜ ይሁን ብንልም አይሆንም፤ ያን ጊዜ ከዱባዩ አል አህሊ ጋር በመልሱ ጨዋታ ክለቡ መኪናውን አውልቆ የራሱን የኢንሹራንስ ኩባንያ ለጥፎ ነው የገባው፣ ለዚህም ፍርድ ቤት ቆሟል። እና ይሄ ማልያ የሁለቱም ዋንጫ ሌሊት አይደለም። የተራ የሊግ ቅዳሜ ማልያ ነው።

ሻጩን አስጻፍኩበት። መጀመሪያ «ቀይ ነው፣ 10 ነው፣ ምን ጎደለው?» አለ። ይሄን መልስ እኔም ስንቴ ሰጥቼዋለሁ፣ አላስቀየመኝም። ኋላ 80 ዩዋን መለሰልኝ። በ200 ዩዋን ተቀበልኩት፣ በዚያ ዋጋ ተመጣጣኝ ነው።

ለምን አልመለስከውም ትሉ ይሆናል። የዠንግ ዢ ሥራ ከዋንጫ ሌሊት ይልቅ በተራው ቅዳሜ ነው የሚታየው። እንግሊዝ ሲሄድ፣ በ2007 መጀመሪያ ከቻይናው ክለብ ሻንዶንግ ሉነንግ ወደ ቻርልተን በውሰት፣ የገባበት ቡድን በዚያው ዓመት ከፕሪሚየር ሊግ ወረደ። ሌላው ቢሆን ሻንጣውን ይይዝ ነበር፤ እሱ በቋሚነት ፈረመ። ቡድኑ እንደገና ሲወርድ ለቀቀና ስኮትላንድ ሄዶ ለሴልቲክ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ እዚያ ብዙም የሚወራ የለም። በ2010፣ ሠላሳ ሊሞላው ሲል፣ ጨዋታ በመሸጥ ቅሌት ተቀጥቶ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ወደወረደው ጓንግዡ ገባ። የብሔራዊ ቡድን ኮከብ ታች ወርዶ! በዚያው ዓመት ወደ ዋናው ሊግ ወጡ፣ በማግስቱ ዓመት ሻምፒዮን። ከ2011 እስከ 2017 ሰባት ተከታታይ፣ በ2019 ደግሞ ስምንተኛ።

በወጣትነቱ ወደ ጎል የሚጠጋ አማካይ ነበር። ጓንግዡ ላይ ግን ወደ ኋላ ተስቦ ከተከላካዮቹ ፊት ቆመ፣ ኳስ እሱን ሳትነካ የምትወጣ አይመስልም ነበር። የብራዚልና የአርጀንቲና ልጆች ጎሉን ያገባሉ፣ ስማቸው ይጠራል፤ እሱ ያቀብላል፣ ዳኛ ያናግራል፣ የተናደደውን ይጎትታል። በ2013 መጨረሻ የእስያ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ ከቻይና ከፋን ዢዪ ወዲህ፣ ከ2001 ማለት ነው፣ የመጀመሪያው። በ2019 የእስያ ዋንጫ 38 ዓመቱ ሆኖ ለሀገሩ ይሮጥ ነበር። እኔ በ38 ዓመቴ የመርካቶን ደረጃ ወጥቼ ሳርፍ ነበር።

ወደ ዕቃው። መጠኑ ላይ ተጠንቀቁ፤ በእስያ ልክ የተሰፋ ነው፣ ኤክስ ኤል የሚለው ለእኛ ኤል ነው፣ ሆድ ያለን ደግሞ እንተወው። ጀርባው ላይ ስም የለም፣ ቁጥር ብቻ። ቁጥሩ በሙቀት የተለጠፈ ነው። እኔ ነኝ ጥፋተኛው፣ ሆቴል ውስጥ ተኩሼው የዜሮው ጠርዝ ተነሳ። ገልብጣችሁ በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡ፣ ካውያ አታስጠጉት፣ ጥላ ላይ አስጡ። አንገቱ አካባቢ ትንሽ ላልቷል፣ ላገለገለ ዕቃ ይሁን። ለጨርቁና ለስፌቱ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለሻጩ ሁለት።

ዋጋው ወደፊት የሚረክስ አይመስለኝም። ክለቡ በዕዳ ምክንያት ጃንዋሪ 2025 የሊጉን ፈቃድ ተነፍጎ ፈርሷል፣ የእስያን ዋንጫ ሁለት ጊዜ የበላ ክለብ። ኦርጅናሉ ከእንግዲህ አይመረትም፤ ፎርጅዱማ መቼም አያልቅም፣ በተለይ ከእንደኔ ዓይነቱ ሱቅ።

ማልያውን ሱቄ ውስጥ ከላይ ሰቅዬዋለሁ። ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ቀና ብሎ አይቶ «ጋሼ፣ ያ ሊቨርፑል ስንት ነው?» አለኝ። አይሸጥም አልኩት። ደረቱ ላይ አራት ፊደል ያለበትን፣ የውሃውን፣ ያገኛችሁ ነጋዴዎች ግን ለማንም ሳትሰጡ ቅድሚያ ለእኔ አምጡት፣ 500 ዩዋን ድረስ እከፍላለሁ። መጀመሪያ ግን ገልብጬ ነው የማየው።