የምርምር ምስሎችን መፈተሽ፦ በሰው ዓይን ወይስ በሶፍትዌር?

ለኅትመት የቀረበ ጥናት የያዛቸው ምስሎች ያልተነካኩ መሆናቸውን ለማረጋገጥ መጽሔቶች የሠለጠነ ሰው ዓይንን ወይም ሶፍትዌርን ይጠቀማሉ። የዓይንን ዐቅም ለመረዳት እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመውን የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያዋን የኤልሳቤት ቢክንና የባልደረቦቿን ጥናት ማየት ይበቃል፤ 20,621 ጽሑፎች በዓይን ተፈትሸው 3.8 በመቶ ያህሉ አጠያያቂ ምስል ተገኝቶባቸዋል። መርማሪው የአንድን የፕሮቲን ምርመራ ምስል ብርሃንና ኮንትራስት ከፍ ሲያደርግ፣ ፕሮቲኖቹን በሚያመለክቱ ሁለት ጥቁር ሰረዞች መካከል ቀጥ ብሎ የተቆረጠ የጀርባ ጥላ ብቅ ይላል፤ ይህ ማጭበርበር ይሁን ወይስ የምስል ክፍሎችን ጎን ለጎን የማገጣጠም፣ ሳይገለጽ የቀረ ተራ ሥራ የሚመዝነው ግን ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። ሥራው አድካሚ ነው፤ ሁሉም ሰው ደግሞ እንዲህ ያለ ዓይን የለውም።

ሶፍትዌር በፍጥነት አይታማም። ምስሉ ቢዞር፣ ቢገለበጥ ወይም ቢለጠጥ እንኳ ቀደም ሲል ከታተሙ እጅግ ብዙ ምስሎች ጋር አስተያይቶ ድግግሞሹን ያወጣል፤ ይህን የማንም ትውስታ አይችለውም። ይሁንና አንድ የሕዋስ ናሙና በተለያየ ቀለም ሁለት ጊዜ በአግባቡ ሲቀርብም ስህተት አድርጎ ሊጠቁመው ይችላል። ስለዚህ ማጣራቱን ለሶፍትዌር፣ ፍርዱን ለሰው መስጠት ይሻላል እላለሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተፈበረከ ምስል ሲመጣ ግን ሁለቱም ሊሸወዱ ስለሚችሉ፣ ከተመራማሪው ከመሣሪያው የወጣውን ጥሬ ፋይል መጠየቅ ግድ ይሆናል።