የልጆች ትዝታ፦ በእጅ የተሠራ አልበም ወይስ ጉግል ፎቶስ?

ጉግል ፎቶስ ቀላል ነው። ስልኩ ራሱ ያስቀምጣል፤ ዱባይ ያለችው አክስትም ወዲያው ታያለች። ግን ነፃው ቦታ 15 ጊጋባይት ብቻ ነው። 2 ዓመት ያልተከፈተ አካውንትም ሊሰረዝ ይችላል።

እኔ የማደላው ለአልበሙ ነው። የልጁ የክርስትና ፎቶ፣ ለእንቁጣጣሽ የሳለው አበባ፣ አያቱ በእጃቸው የጻፉለት ምርቃት አንድ ገጽ ላይ ይገናኛሉ። ልጁም አብሮ እየቆረጠ፣ እየለጠፈ "ይሄ ማነው?" ይላል። የቤተሰቡ ወሬ የሚወጣው ያኔ ነው! ብቻ ገጹ ራሱ የሚያጣብቀውን አልበም አትግዙ፤ ሙጫው ከጊዜ በኋላ ፎቶውን ያበላሻል። አሲድ የሌለው ወረቀት ይሻላል፤ ፎቶውንም ጥግ ጥጉን ብቻ ገጹ ላይ አያይዙት። ደግሞ ከመለጠፋችሁ በፊት ሁሉንም በስልክ አንሱት። አልበም ውሃ ከገባበት ሌላ ቅጂ የለውም።