ሐዋሳ ለሥራ ሄዶ መሮጥ ለሚፈልግ፦ ሐይቁ ዳር ያለችው ፔንሲዮን

ለሥራ ሐዋሳ ስሄድ አልጋ የምይዘው አንድ ነገር አይቼ ነው፤ ከበሩ እንደወጣሁ መሮጥ መቻል አለብኝ። ፍቅር ሐይቅ ከሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ብዙም የማትርቀው ይህች ፔንሲዮን ለዚህ ተስማምታኛለች።

ከሁሉ የወደድኩት ጥበቃውን ነው። ማታ «ጋሼ፣ ነገ 12 ሰዓት እወጣለሁ» ካልኳቸው በሩ በሰዓቱ ይከፈታል። ስመለስም «በርታ ልጄ» ይሉኛል። ይሄ ለእኔ ከአልጋው ምቾት ይበልጣል።

ሩጫው ሐይቁን ይዞ ወደ አሞራ ገደል፣ ወደ አሳ ገበያው ነው። መንገዱ ሜዳ ነው። ሐዋሳ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው ትንፋሽ ይቀላል። ታዲያ እግር ልፍጠን ልፍጠን ይላል። አትስሙት! ቀኑን ሙሉ ስብሰባ አለ። እኔ እያወራሁ መሮጥ እስከምችል ድረስ ብቻ ነው የምፈጥነው፤ 30 ደቂቃ ይበቃኛል። አሞራ ገደል ስደርስ አሳ አጥማጆቹ ጀልባ እያስጠጉ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎችም ተሰልፈው ትራፊ እየጠበቁ ነው። እዚያ መሬቱ ያንሸራትታል፤ በእግር ማለፍ ይሻላል። ፀሐይዋ ቶሎ ስለምትከር ከ2 ሰዓት በኋላ አልመክርም።

የፔንሲዮኗ ጉድለት ቁርስ ነው። እስከ 2 ሰዓት አይደርስም፤ ሮጦ ለመጣ ሰው ይሄ ከባድ ነው። ማታውኑ ሙዝና ዳቦ ገዝታችሁ ግቡ። ሙቅ ውሃው ግን አስተማማኝ ነው፤ ጫማ የሚደርቅበት በረንዳም አለ። ሐይቁን የሚያየውን ክፍል ጠይቁ፤ የመንገዱ ወገን ማታ ይረብሻል።