ኮሌጅ ፓርክ ወይስ ታስካሉሳ?
በሜሪላንድ ስቴት ሲልቨር ስፕሪንግ ለሚኖር ቤተሰብ ኮሌጅ ፓርክ የሚገኘው የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ከ12 ሺህ ዶላር ብዙም የማይርቅ ሲሆን፣ ታስካሉሳ የሚገኘው የአላባማ ዩኒቨርሲቲ ግን ከሌላ ስቴት የሚመጣን ተማሪ ከ30 ሺህ ዶላር በላይ ያስከፍላል። ይሁንና አላባማ የወላጅን ገቢ ሳይጠይቅ፣ በተማሪው የሁለተኛ ደረጃ ውጤትና በመግቢያ ፈተና ነጥቡ ብቻ የሚሰጠው ስኮላርሺፕ ልዩነቱን ሊያጠብ፣ አንዳንዴም ሊገለብጠው ይችላል። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው ሲደርስ መታየት ያለበት የስኮላርሺፑ መጠን ሳይሆን ከኪስ የሚወጣው ቀሪ ነው፤ የመኝታና የምግብ ወጪ አለ፣ ለበዓል ወደ ቤት የሚመለስበት የአውሮፕላን ትኬት አለ፣ ክፍያው በጨመረ ቁጥርም ስኮላርሺፑ አብሮ አያድግም። ተማሪው በዩኒቨርሲቲ የሚያመጣው አማካይ ውጤት (ከ4.0 የሚታሰበው) ከ3.0 ከወረደ ደግሞ ስኮላርሺፑ ራሱ አደጋ ላይ ይወድቃል፤ ይህም ለምህንድስና ጀማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ኮሌጅ ፓርክን ከቤት እየተመላለሱ መማር ስለሚቻል፣ ውጤቱ ከፍ ዝቅ ለሚል ልጅ እኔ እሱን እመርጣለሁ።